የዚያ አክሲዮን ነገር

ልጄ፣

ሐሙስ ማታ ደውለህ «እማ፣ ከዚያ የሱቅ ሶፍትዌር ከሚሠራው ኩባንያ 100 አክሲዮን እንግዛ» ስትለኝ ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። በስልክ ስለ ገንዘብ ስናወራ እንጣላለን፤ አንተ ትፈጥናለህ፣ እኔ ደግሞ ልናገር ያሰብኩትን እረሳለሁ። ለዚህ ነው ሱቁን ዘግቼ የጻፍኩልህ። ረጅም ነው፣ ታክሲ ውስጥ አታንብበው።

እሁድ እቁብ ላይ ነገሩን አነሳሁት። ለካ አክሲዮን ሻጩ ልጅ ለሁሉም ደውሏል! ግማሾቹ ብሮሹሩን በቦርሳቸው ይዘው ነው የመጡት። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ቤቱ በጭቅጭቅ ተናጋ።

ፋርማሲስቱ ካንተ ወገን ነው። «እስቲ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ያሉትን ሱቆች ቁጠሩ፣ ስንቱ ነው እስካሁን በደብተር የሚሠራው? ነገ ሁሉም ኮምፒውተር ማስገባቱ አይቀርም። ሶፍትዌር ማለት አንዴ ተሠርቶ ሺህ ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ እንደ ዳቦ በየቀኑ አይጋገርም» አለ። ብሩን ባንክ ማስቀመጥም አንገሽግሾታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ፣ እሱ ለቤት መሥሪያ ብሎ የቆጠበው ብር ነበር። እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም።

ጡረታ የወጡትን የባንክ ሰው ታውቃቸዋለህ፣ ብዙ አይናገሩም። ብሮሹሩን ገለበጡና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ያሰሉ ጀመር። ኩባንያው አሁን 40,000 አክሲዮን አለው። ያተረፈው 4 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለአንዱ አክሲዮን 100 ብር ይደርሰዋል። ለእኛ የሚሸጡት የአንዱን ዋጋ 1,000 ብር ብለው፣ 500 ፕሪሚየም፣ ማለትም ከዋጋው በላይ የሚከፈል ብር፣ ጨምረውበት ነው። ትርፉ ሁሉ ቢከፋፈል እንኳ 1,500 ብራችን የሚመለሰው በ15 ዓመት ነው ማለት ነው። «ቆይ ገና ነው» አሉ። አሁን የሚሸጡት 20,000 አዲስ አክሲዮን ሲጨመር ያው 4 ሚሊዮን ለ60,000 ይካፈላል፣ ለአንዱ 67 ብር አይሞላም። 15 ዓመቱ ከ22 በላይ ሆነ። ፋርማሲስቱ «ትርፉ እኮ ያድጋል!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ብሮሹሩን መልሰው ገለበጡና «ያድጋል ያለው ማነው? የሚሸጥልን ሰው» አሉ።

ጤፍ ነጋዴዋ እስከዚያ ድረስ ቡናዋን ነበር የምትጠጣው። ከዚያ «እሺ ገዛሁ እንበል፣ ገንዘቡ ሲቸግረኝ ከእኔ የሚገዛኝ ማነው?» አለች። ዝም ተባለ።

አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል፣ እሱ ልክ ነው። ጥር 2017 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ይሄ ትንሽ ኩባንያ ግን እዚያ የለም። ሻጩም ቢሆን «ወደፊት እንገባለን» ነው የሚለው። ለምሳሌ ቴሌ ይበቃናል፤ በ2017 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ አንተው በቴሌብር 33ቱን አልገዛህልኝም? አገር የሚያውቀው ቴሌ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ታዲያ የእነዚህን ማን ተሻምቶ ይገዛኛል?

አሁን ደግሞ እነሱ የማያውቁትን እኔ ልንገርህ። የኩባንያው ፕሮግራም የእኔም ሱቅ ውስጥ አለ። ያስገባልኝ ያ ቀጭኑ፣ ላፕቶፑ ላይ የኢትዮጵያ ቡና ስቲከር የለጠፈው ልጅ ነው። እስክሪብቶ በደርዘን ገዝቼ በነጠላ ስሸጥ ፕሮግራሙ ግራ ይጋባ ነበር፤ 12 ደርዘን አስገብቼ 12 እስክሪብቶ ብቻ አለሽ ይለኛል። ልጁ ምሳዬን አካፍዬው እስከ ማታ ተቀምጦ አስተካከለልኝ። ጎበዝ ነበር። ከዚያ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ለቀቀ። የተካውም ለቀቀ። ሦስተኛው ግንቦት ላይ መጣና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ትንሽ አየት አየት አደረገና «እናቴ፣ የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?» አለኝ። እኔን! ዳቦ ቤት ቢከስር እንኳ ምድጃው ይሸጣል። የእነዚህ ምድጃ ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ እግር አውጥቶ ይሄዳል።

ብሮሹሩ ላይ «ከ300 በላይ ደንበኞች» ይላል። አንዷ እኔ ነኝ። የዓመቱን የአገልግሎት ክፍያ ግን ዘንድሮ አልከፈልኩም፤ የሚያስተካክልልኝ ሳይኖር ለምን እከፍላለሁ? ጎረቤቴ ባለ ስፌቷም አቁማለች፣ እሷም ከ300ው ውስጥ ሳትኖር አትቀርም። ስንቱ ለሁለተኛ ዓመት እንደከፈለ የትም አልተጻፈም። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይሄን ነው።

ሻጩን «ደንበኛ ሳቢ መግለጫው፣ ያ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ የሚወጣው ዝርዝር ሰነድ፣ የታለ? የካፒታል ገበያ ባለስልጣን አይቶታል?» ብዬው ነበር። «ለሕዝብ አይደለም እኮ የምንሸጠው፣ ለወዳጅ ዘመድ ነው» አለኝ። እኔን ምኑ አደረገኝ? ያውም ለእቁቡ ሰው ሁሉ ከደወለ በኋላ።

የሌላውን ድርጅት ወረቀቴን ታስታውሳለህ? አንተ ያኔ 6ኛ ክፍል ነበርክ። ፋብሪካ ይከፈታል ተብሎ የገዛሁት። ምስክር ወረቀቱ አሁንም መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አለ። ፋብሪካው ሜዳ ነው።

እንግዲህ 100 አክሲዮን ማለት 150,000 ብር ነው። እኔ ጋ ያለው 150,000 የነሐሴ የደብተር ማስገቢያዬ ነው። ለመስከረም ተማሪ ነሐሴ ላይ ዕቃ ካላስገባሁ ዓመቱን ሙሉ ዝንብ ሳባርር ነው የምውለው። አክሲዮኑን ደግሞ ነሐሴ ላይ ልሽጥ ብል የሚገዛኝ የለም። ስለዚህ የእኔን ተወው። አንተ ከደሞዝህ 10 እገዛለሁ ካልክ አልከለክልህም፣ ትልቅ ሰው ነህ። ሶፍትዌሩንም ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ብቻ ከመክፈልህ በፊት ቢሯቸው ሂድና ጠይቅልኝ። የሁለት ዓመት ሒሳባቸውን የውጭ ኦዲተር መርምሮታል? ስንት ደንበኛ ሁለተኛ ዓመት ከፈለ? መረጃ የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር፣ የሰርቨር ኪራያቸውስ በዶላር ነው? ከእኛ የሚሰበስቡት ብር ነው እኮ። ቆንጆ ቆንጆ ስላይድ ካሳዩህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ለባንኩ ሰውዬ አሳያቸዋለሁ፤ እስክሪብቷቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው።

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደውል። ቅዳሜ የምትመጣ ከሆነ የፕሪንተር ቀለም ያዝልኝ፣ ጥቁሩን።

እናትህ፣ ከአዳማ