ከአንኮበር ሚካኤል መልስ

ይድረስ ለወንድሜ ለታዴ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን። እማማ ካረፉ ወዲህ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጨንቆኝ ከረመ። አሁን ግን ዝም ልልህ አልቻልኩም። ኅዳር 12 ሚካኤልን ለማንገሥ አንኮበር ሄጄ ነበር።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብርዱን ታውቀዋለህ፤ ጋቢ ደርቤም አላስቀመጠኝም። ጎረቤላ ከመኪና ወርጄ አቀበቱን ከሕዝቡ ጋር ተያያዝኩት። አዝመራውን ትቶ የመጣ ገበሬ፣ ጧፍ የያዘች ልጅ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሁሉም ይወጣል። መቋሚያ የያዙ አንዲት ባልቴት ጥለውኝ ሲያልፉ «በርታ ልጄ፣ መልአኩ ያግዝሃል» አሉኝ። ድምፃቸው ቁርጥ የእማማ!

ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ሌላ ነው። ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ በስተምሥራቅ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ የአፋር ቆላ ወለል ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ እናንተ ኅዳርን ስታጥኑ፣ እዚያ አየሩ ጥርት ያለ ነበር።

ይህ ሁሉ እኮ የነገሥታት ከተማ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት ከዚህ ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች እሳቸውን ብለው እዚህ ድረስ መጥተዋል። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን መናገሻ ያዙ። ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ዛሬ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ ኮረብታው ላይ ሎጅ ተሠርቶበታል። ታቦቱ ግን ሕዝቡን ዛሬም ይሰበስባል። ንጉሥ ያጣ ከተማ ይረሳል የሚል ካለ፣ በኅዳር ሚካኤል መጥቶ ይይ።

በእማማ ስም ጧፍ አብርቻለሁ። ያንተ ነገር ከሠመረላቸው ለሚካኤል ጥላ እንደሚያገቡ ተስለው እንደነበር ታስታውሳለህ? ሳያደርሱ አለፉ። ጥላውን እኔ ገዝቼ ላስገባው አሰብኩና ተውኩት። ስለቱ ላንተ ነበርና ይህ ያንተ ድርሻ ነው።

በሰኔ 12ም ይነግሣል፤ ግን ጭጋግና ጭቃ አለ። ለሚመጣው ኅዳር እንሂድ። ካሁኑ ከሥራህ ፈቃድ ጠይቅ። ጥላውን መርካቶ ግዛው፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። ስልኬ የድሮው ነው፤ ይህ እንደደረሰህ ደውልልኝ።

ያንተው ወንድምህ