የተንከባካቢዋን ደመወዝ ማን ይክፈል?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ችግረኞችን ለሚረዱ አነስተኛ ድርጅቶች መደበኛ የበጀት ድጋፍ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክብርት ከንቲባ፣

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ፣ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያኖሩ አነስተኛ ድርጅቶችን ሒሳብ በነፃ እዘጋለሁ። ማንንም ወክዬ አይደለም የምጽፍልዎ። በየዓመቱ መዝገቡ ላይ የማየው ቀዳዳ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ነው።

በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ሰሞን የእነዚህ ድርጅቶች ግቢ ይጨናነቃል። ዘይት ይመጣል፣ ዱቄት ይመጣል፣ በግ ይመጣል፤ ባለሀብት ከተገኘ ሰንጋም ይታረዳል። አስተዳደሩ የሚያካሂደው ማዕድ ማጋራትም የብዙ ሰው ቤት ደርሷል፤ አላቃልለውም። በጥቅምት ኪራይ ሲደርስ፣ በየካቲት የሌሊት ተረኛዋ ሁለት ወር ሳይከፈላት ስትቀር ግን ካሜራ ይዞ ብቅ የሚል የለም። አከራይ ደግሞ ኪራዩን በዱቄት አይቀበልም።

እስቲ አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። አርባ አረጋውያን ይኖሩበታል፤ አሥሩ ከአልጋ አይነሱም። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ዳይፐር ቢታሰብ በወር 900 ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው ዳይፐርም መድኃኒትም ዊልቸርም ዋጋው አብሮ ሄደ። ይሁን፤ ዳይፐር እንኳ አንዳንዴ በዓይነት ይለገሳል። የማይለገሰው የሰው ጉልበት ነው። ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። አሥር ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ማለት በቀን 120 ጊዜ ማንሳትና ማዞር ነው፤ ሌሊቱን ጨምሮ፣ እሑድን ጨምሮ፣ በዓልን ጨምሮ። ይህን በበጎ ፈቃደኛ አዘውትሮ ማሠራት አይቻልም። ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ የአረጋውያንን ፀጉር የምትሠራ ተማሪ ትመሰገናለች፤ ማክሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ደመወዝተኛ ያስፈልጋል።

ለጋሽን «ለደመወዝ» ብለው ሲጠይቁት ፊቱ ይጠቁራል። «እኔ ለችግረኛው እንጂ ለሠራተኛ አልሰጥም» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ አልወረደም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ሲገድብ፣ ማስፈጸሚያ መመሪያው የፕሮጀክት ሠራተኛን ደመወዝና የመጓጓዣ ወጪን ሳይቀር እዚያው ውስጥ ከቶት ነበር። «ሰባ ሠላሳ» የተባለው ያ ነው። በእኛ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች እንዴት እንደተሰቃየንበት እናውቃለን። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሻረ፤ ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ግን ከአስተዳደራዊነት አወጣው። ሕጉ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም፣ የተንከባካቢዋን ደመወዝ እንደ ብክነት የማየቱ ልማድ አልተለወጠም።

የሚገርመው፣ አስተዳደርዎ በሌላ በኩል ነገሩን በትክክል ይዞታል። የትምህርት ቤት ምገባውን ይመልከቱ። መጋቢ እናቶች ይከፈላቸዋል፤ ያንን ክፍያ «አስተዳደራዊ ወጪ ነው፣ ይቀነስ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ያለ እነሱ እንጀራው እንደማይጋገር፣ ወጡም እንደማይሠራ ሁሉም ያውቃል። በተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትም እንዲሁ ነው። ሽባ የሆነን አዛውንት የምታጥበው ሴት ከነዚህ እናቶች በምን ትለያለች?

ሌላም አለ። ወረዳ ወይም ፖሊስ ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው ሲያገኝ፣ ሆስፒታል ታክሞ የሚሄድበት ያጣ በሽተኛ ሲኖረው፣ ደብዳቤ ተጽፎ ሰውየው ወደ እነዚህ ድርጅቶች ይላካል። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ በጀት የለውም። የድርጅቱ ኃላፊ «አልጋ የለኝም» ብላ ብትመልስ ሰውየው ደጇ ላይ ያድራል፤ ስለዚህ ትቀበላለች። ይህ አሠራር ድርጅቶቹን በተግባር የከተማው አገልግሎት ሰጪ አድርጓቸዋል፤ ሒሳቡ ግን ወደ ከተማው አይሄድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት፣ አቅም በፈቀደ መጠን ድጋፍ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። እነዚህ ድርጅቶች የሚሸከሙት የመንግሥትን ድርሻ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የውጭው በር ደግሞ እየጠበበ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ቀን ውሳኔ ሲያግድ ምን ያህል ፕሮጀክት እንደቆመ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ትንንሾቹ ከዚያ ገንዘብ በቀጥታ ባይነኩም፣ ከትልልቆቹ የሚወርድላቸው ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው የከተማው በጀት ውስጥ ለእነዚህ ድርጅቶች ብቻ የተለየ የድጋፍ ርዕስ ይከፈት። የ2018 በጀት ዓመት የከተማው በጀት 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ከሺሕ አንዱ 350 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለአንድ ድርጅት በዓመት ሁለት ሚሊዮን ቢደርስ 175 ድርጅት ያዳርሳል። ከአንድ አደባባይ ማስዋቢያ ጋር ላነጻጽረው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት፣ ነገሩ ወደ ሌላ ክርክር ይወስደናል።

ገንዘቡ ደመወዝን፣ ኪራይን፣ ውሃና መብራትን በግልጽ የሚሸፍን ይሁን። ውሉ የሦስት ዓመት ይሁን፤ በአንድ ዓመት ገንዘብ ነርስ ቀጥሮ ማቆየት አይቻልም። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ አስቀድሞ ይልቀቅ። «መጀመሪያ አውጡ፣ በኋላ እንተካለን» የሚባለው አሠራር ባንክ ውስጥ ገንዘብ ላለው ድርጅት ብቻ ነው የሚሆነው። ማመልከቻውም በአማርኛ ወይም ድርጅቱ በሚሠራበት በሌላ የአገር ቋንቋ፣ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ይሁን። ዛሬ የተሻለ ድጋፍ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ጥሩ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው መቅጠር የቻለው ነው፤ ጠዋት ገንፎ የምታበላው ሴትዮ ያንን የምትጽፍበት ጊዜ የላትም።

«ሌባ ይበዛል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም የሙያዬ ነገር ሆኖ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። የሐሰት ደረሰኝም፣ በስም ብቻ ያሉ ተረጂዎችም አሉ። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም፦ ማን ስንት እንዳገኘ፣ ማን ለምን እንዳልተመረጠ ስም በስም በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳና በቢሮው ድረ ገጽ ይለጠፍ። ጎረቤት ከኦዲተር ይበልጣል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን የሠፈሩ እድር ያውቃል። መራጩ ኮሚቴ ውስጥም የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ማኅበራት ድምፅ ይኑራቸው፤ የቢሮ ኃላፊዎች ብቻቸውን ከወሰኑ ገንዘቡ ለሚያጨበጭብ ነው የሚሄደው። ድጋፍ ያገኘ ድርጅት የመንግሥትን ስህተት ስለተናገረ ገንዘቡ እንዳይቋረጥበት ውሉ ላይ ይጻፍ።

እስከዚያው የቀረን ቲክቶክ ነው። መቄዶንያን የመሰለ ስሙ የገነነ ማዕከል በቀጥታ ሥርጭት ሕዝቡን ያንቀሳቅሳል፤ ይገባዋልም። ከኋላ ሠፈር ያለው ስም የለሽ ቤት ግን ገንዘብ እንዲያገኝ የአንድ እናት ቁስል መቅረጽ፣ የአእምሮ ሕመምተኛን ፊት ማሳየት ይጠበቅበታል። ታማሚው መፍቀድ አይችልም፤ ቪዲዮው ግን ሲድንም ይከተለዋል። አንዲት ሥራ አስኪያጅ «ካልቀረጽኩ አይበሉም፣ ከቀረጽኩ ክብራቸውን ሸጥኩ» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

በመጨረሻ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ አለኝ። አዋጅ 1113 ለተጋላጭ ወገኖች ትኩረት ሰጥተው የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚያበረታታ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ይቋቋማል ይላል። የፈንዱ ገቢና ወጪ፣ ከአዲስ አበባም የደረሳቸው ድርጅቶች ዝርዝር በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽልን።

ክብርት ከንቲባ፣ ቢሮዎች የበጀት ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት የምክር ቤቱ ጉባኤ ከመድረሱ ወራት በፊት ነው። ይህ ርዕስ በዚያ ሰነድ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ወይም እንደማይገባ፣ ካልገባም ምክንያቱን፣ በጽሑፍ ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋይናንስ ቢሮ
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን