ከደሴ፣ ስለ ጸሎትህ

ይድረስ ለወዳጄ፤

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬህ በመቆየቴ ይቅር በለኝ። «እጀምራለሁ፣ በሳምንቴ ይጠፋብኛል» ያልኸኝ ግን ከልቤ አልወጣም። አብሽር፤ የብዙ ሰው ጸሎት የሚቋረጠው ከአቅም በላይ ስለሚጀመር ነው።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ታውቃቸዋለህ፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ያለ ሁሉንም ይተዋል። አንተ ነግህን ብቻ ያዝ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፊትህን ታጥበህ፣ ነጠላህን መስቀለኛ አጣፍተህ፣ ወደ ምሥራቅ ቁም። አማትበህ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርስ። ሳትቸኩል ብታደርሰው 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስልክህ ሌላ ክፍል ይደር፤ ከስልክ የሚጸልይ ሰው መልእክት ሲገባ ዓይኑ ይሸሻል። ነግህ ሲጸናልህ የ11 ሰዓቱን ሰርክ ጨምር። በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት በሥራ ቦታህ አንድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብህ በል፤ በ3 መንፈስ ቅዱስ የወረደበትን፣ በ6 ጌታ የተሰቀለበትን፣ በ9 ነፍሱን የሰጠበትን እያሰብህ።

ስለ ዳዊት የጠየቅኸኝ ደስ አሰኝቶኛል። የቆየው አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሑድ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ያለው ጸሎተ ነቢያት ነው። ይህ ዳዊት መድገም ለለመደ ሰው ነው። አንተ በቀን ግማሽ ንጉሥ፣ ማለትም 5 መዝሙር ድገም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 150ው ልክ በወሩ ያልቃል፤ የት እንደደረስህም ቀኑ ራሱ ይነግርሃል። በ7 ቀን ከ31 እስከ 35 ነህ። የሚከብደው በ24 ቀን ነው፦ 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር አለው። ግን ከአሌፍ እስከ ታው በ22 የዕብራይስጥ ፊደል የተከፈለ ስለሆነ 11ዱን ጠዋት፣ 11ዱን ማታ አድርገው። ጳጉሜን ስትገባ 15ቱን ጸሎተ ነቢያት በቀን ሦስት ሦስት ብታደርስ በ5 ቀን ታበቃለህ።

አንድ ቀን ካመለጠህ ወደ ኋላ አትመለስ፤ የዛሬውን ድገም። ሦስት ቀን ያጠራቀመ በአራተኛው 20 መዝሙር ይጠብቀውና መጽሐፉን ይዘጋል።

በረቡዕና በዓርብ ጾም ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጠዋት ቡና ነው። ጎረቤት ለአቦል ስትጠራህ ጾም ላይ መሆንህን በግልጽ ንገራት። የወሎ ሰው ጾም ያከብራል፤ ረመዳንን የምትጾም ጎረቤትህ አትቀየምህም። እስከ 9 ሰዓት መቆየት ካቃተህ፣ በተለይ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ሰዓቱን በራስህ አትቁረጥ፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። በበዓለ ሃምሳ፣ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም እንደማይጾም አትርሳ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ስለሚከብድ ብዙዎች የሚቀሩት እዚያ ላይ ነው። የመመለሻውን ቀን አስቀድመህ ጻፈው።

ስግደትንም ልኩን ንስሐ አባትህ ይስጡህ። ባንድ ጊዜ 41 ብለህ አትነሣ፤ ጉልበት ያልለመደውን በማግሥቱ ይቀጣል። እሑድና በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም።

መስከረም 1 ከመዝሙር 1 እንነሣ፣ አንተ እዚያ እኔ እዚህ። በ24 ቀን ማታ፣ ከታው በኋላ ደውልልኝ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ደርሰህ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሳምንት በደሴ በኩል ስለምታልፍ፣ ዳዊትህን ይዘህ እኛ ቤት ግባ።

ወንድምህ