ለለቅሶ ልትመጡ ለነበራችሁ ወዳጆቻችን፦ የምስጋና መልእክት

በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለምትገኙ ወዳጆቻችን፣ ለእድራችን አባላት፣ ስልካችን አልነሣ ብሏችሁ ለተጨነቃችሁ ሁሉ፤

በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ የካቲት 10 ቀን ማታ መርዶውን ማን ለልጃችን ይንገራት ተብሎ ሲመከር እንደ ነበር ዘግይቼ ስለ ሰማሁ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ አዳራሹ በኮሮና ደንብ ስንት ሰው እንደሚይዝ እስከ ማጣራት ደርሰው ነበር አሉ። እግዚአብሔር ያክብርልን። ሰው ሳይሞት ለቅሶው ምን እንደሚመስል ማየት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ ጡረታ ከወጣን በኋላ ያገለገለ የቤት መኪና ገዝተን፣ ከኅዳር ጀምሮ በቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ፣ በሳውዝ ፓድሬ ደሴት ሰፍረናል። አርቪ የሚሉት ነው፤ አልጋው፣ ማእድ ቤቱና መታጠቢያው አብሮ ይጓዛል። የሰፈርንበት ኢስላ ብላንካ የተባለው የካውንቲው መናፈሻ ከባሕሩ ዳር ነው። ከአይዋ፣ ከነብራስካ፣ ከዊስኮንሲን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ጡረተኞች ዓመት ጠብቀው እዚያው ይገናኛሉ፤ የአገሩ ሰው «የክረምት ቴክሳሳውያን» ይላቸዋል። ዘንድሮ የካናዳዎቹ ቦታ ባዶ ነበር፤ የየብስ ድንበሩ ስለ ተዘጋ መኪናቸውን ይዘው መግባት አልቻሉም።

ባለቤቴ እሑድ እሑድ ከመኪናው ጎን በሚዘረጋው ሸራ ሥር ቡና ታፈላለች። ማንደጃው ከበሩ በስተ ግራ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሽታው ጠራቸው፤ ከዚያ ወንበራቸውን ተሸክመው መምጣት ለመዱ። በየመካከላችን ሁለት ሜትር እየተውን፣ ከአቦል እስከ በረካ ያላንዳች ችኮላ ተቀምጠናል። ማንደጃውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የካቲት 8 ቀን ሰኞ ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋ። ቴክሳስን ያጥለቀለቀው ቅዝቃዜ የኃይል ማመንጫዎችን አሰናክሎ ነበር። የግዛቱ የኤሌክትሪክ መረብ ከጎረቤት ግዛቶች ጋር እምብዛም ስላልተገናኘ ከውጭ የሚመጣለት ብዙ ኃይል አልነበረም፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤት ጨለመ። እኔም ብርድ እንደ ለመደ የሚኒሶታ ሰው ሳቅሁ። ጋዝ አለን፣ ማሞቂያው በጋዝ ይሠራል ብዬ ተኮፈስሁ። ማሞቂያው ጋዝ ቢኖረውም ሙቀቱን የሚነፋለት ማራገቢያ በባትሪ እንደሚዞር ያስተማረኝ ያ ሌሊት ነው። ባትሪው አለቀ፤ ጋዙ ሞልቶ እኛ ቀዘቀዝን። የውኃ ቱቦው ፈነዳ። ስልኩም ሞተ፤ እናንተን ያስጨነቀው ይህ ነው።

ማክሰኞ ማታ የሠራሁትን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ከመካከላችሁ እንደ እኔ የሚያስብ አይጠፋም። ማንደጃውን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ከሰሉ ቀይ ፍም ሲሆንና ጢሱ ሲጠፋ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጢስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ሲያምር ነው የሚገድለው። የቤት መኪና ደግሞ በሩ ሲዘጋ እንደ ሳጥን ነው። ማስጠንቀቂያ መሣሪያው የት ሄደ ለምትሉኝ፣ በቡና ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገረን ባትሪውን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ራሴን ሲመታኝና ባለቤቴ «እግሬ የለም» ስትል ነው። በሩ ይደበደባል። ልነሣ ብል እጄ መቀርቀሪያውን አላገኘውም።

የአይዋው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በትራክተር ጥገና ያሳለፉ የ78 ዓመት ሰው። ማታ ማታ ውሻቸውን ይዘው ሲያልፉ ባትሪያቸውን አብርተው ሰፈሩን መቃኘት ልማዳቸው ነው። ድንጋዩን አዩት፤ ማንደጃው የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ተሰረቀ ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ሮጠው ብረት አመጡና በሩን ፈነቀሉት፤ ባለቤቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡ፤ እኔን በአንገቴ ጎተቱኝ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ባጭሩ ነው፦ «ያ ነገር ከቦታው ተነሥቶ አያውቅም።»

ቀሪውን ሁለት ቀን ያደርነው ጄኔሬተር ካላቸው የነብራስካ እናት ዘንድ ነው። ጄኔሬተሩን ከመኪናቸው አርቀው በረጅም ገመድ ነው የሚያስነሡት። ባላቸውን በኮሮና ያጡት ባለፈው መኸር ነው፤ ሰው መቅረብ ይፈራሉ። እኛን ግን መስኮት ከፍተው፣ ጭምብላቸውን አጥብቀው አስገቡን። መጨነቃቸውንም አላሰሙንም። ፖርት ኢዛቤል የሚኖረው የመናፈሻው ሠራተኛም የራሱ ቤት ጨልሞ ሳለ ረጅሙን ድልድይ ተሻግሮ ትኩስ ታማሌና የመጠጥ ውኃ አመጣልን። ታማሌ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ነው። ባለቤቴ ከቀመሰችው በኋላ ሙያውን ልትማር ቀጠሮ ይዛለች።

ሐሙስ መብራት ሲመጣ እንተኛለን ብዬ ነበር። ለካ ከእኛ የባሰባቸው ነበሩ። ላጉና ማድሬ የሚባለው፣ ደሴቲቱ ከባሕሩ የከለለችው ውኃ ጥልቀት የለውም፤ ሲቀዘቅዝ የባሕር ኤሊዎቹ ደንዝዘው እንደ ግንድ ይንሳፈፋሉ። ባለ ጀልባውና ባለ ፒክአፑ ሁሉ እየሰበሰበ ወደ ደሴቲቱ የስብሰባ ማዕከል አመጣቸው፤ ወደ 5,000 ይጠጋሉ። አዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ኤሊ ተነጥፎበት ነበር። ለኤሊዎቹ ማገገሚያ ጄኔሬተር ያዋሰው ከባሕሩ ማዶ ቦካ ቺካ ላይ ሮኬት የሚያስወነጭፈው ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ባለቤቴ የራስ ምታቱ ገና ሳይለቃት፣ አንዱን በሁለት እጇ አቅፋ «ይህቺም እንደኔ እግሯን አጥታለች» አለችኝ። ባሕሩ ሲሞቅ ከጀልባ ላይ በመንሸራተቻ እየለቀቋቸው ወደ ውኃ ሲገቡ አይተናል።

ስለዚህ፦ የአይዋውን አዛውንት፣ የነብራስካዋን እናት፣ የፖርት ኢዛቤሉን ወጣት በአፋችን አመስግነናል፤ ልጃችን ይህንን ደብዳቤ ተርጉማ ታነብላቸዋለች። ቀን ከሌሊት ስትደውሉ የነበራችሁትን፣ ስለታችሁን የተሳላችሁትን፣ አዳራሽ የጠየቃችሁትንም ጭምር እግዚአብሔር ብድራታችሁን ይክፈልልን። ለቱቦው ማሠሪያ ያዋጣችሁትን ገንዘብ ተቀብለናል፤ የተረፈው ለእድሩ ይመለሳል። ለፋሲካ እናንተ ዘንድ ነን፤ ማንም ለመቀበል ጥቁር ለብሶ እንዳይመጣ።

ለበሩ ልክፈል ብላቸው አዛውንቱ እምቢ አሉ። ሁዳዴ ሳይገባ ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቷል። ማስጠንቀቂያው ባትሪ ተገዝቶለታል፤ ቡና ሲቆላ እንደ ልማዱ ይጮኻል፣ ማንም አይነካውም። ማንደጃውም ወደ ድንጋዩ ተመልሷል። አዛውንቱ ማታ ሲያልፉ የባትሪያቸው ብርሃን እዚያ ላይ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

ባልና ሚስቱ
ከሳውዝ ፓድሬ ደሴት፣ የካቲት 26 ቀን 2013 ዓ.ም.