ስለ ልጅሽ ማንኮራፋት

ይድረስ ለምወድሽ ሂሩት፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቆጣጠሩን እንተወውና በቀጥታ ወደ ልጅሽ ጉዳይ ልግባ። እህትሽ ሐኪሙ ስለ ማንኮራፋቱ «አዴኖይዱ አብጧል፣ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልገው አይቀርም» እንዳለሽና እንቅልፍ እንዳጣሽ ነገረችኝ። የእኔዋም ልጅ ያለፈችበት መንገድ ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ያለ ሥጋ ነው፤ እንደ ቶንሲል ሰውነትን ከበሽታ ይከላከላል። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ማየት አይቻልም። ሐኪሞች በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ወይም ራጅ አንስተው ነው የሚያዩት። በሕፃንነት ያድግና ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በጉርምስና ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ሕመሙ ካልጠና «እንጠብቅ» የሚል ሐኪም ቸልተኛ አይምሰልሽ።

እኔን ግን ከማንኮራፋቱ ይልቅ ያሳሰበኝ አስተማሪው «ስጠራው አይሰማም» ማለቷ ነው። ከመሃል ጆሮ የሚወርደው ቱቦ አፉ አዴኖይዱ አጠገብ ነው። ያ ሲታፈን ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ልጁ አያለቅስም፣ ድምፅ ብቻ ይርቀዋል። የእኔዋ ምግብ እያኘከች መሃል ላይ አቁማ በአፏ ትተነፍስ ነበር፤ ከኋላዋ ስጠራት ደግሞ ዞር አትልም። እልኸኛ ናት ይሏት ነበር፣ ምስኪን! የመስማት ምርመራ ሳይደረግለት እንዳትመለሺ።

ሌሊት ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት እንደ መታፈን ብሎት የሚባንን ከሆነ በስልክሽ ቅረጪና ለሐኪሙ አሳዪው። አንቺ አንድ ሰዓት ከምታስረጂው ያ ቪዲዮ ይበልጣል።

አንቲባዮቲክ ስጡኝ ብለሽ አትወትውቺ። የእብጠቱ መንስኤ ቫይረስ ከሆነ ምንም አይፈይድም፤ የሚረዳው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲኖር ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው የስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በሦስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጪ። ጫፉን ወደ መሃለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮው በኩል አዘንብለሽ ንፊው፤ አለበለዚያ ሊያደማው ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ የግድ ከሆነም በሙሉ ማደንዘዣ በአፍ በኩል ነው የሚሠራው። ውጪ ላይ የሚሰፋ ቁስል የለም፤ ብዙ ልጆች በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ከቆየ አብረው ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ሊያስገቡለት ይችላሉ። ቤተሰብ ውስጥ ደም ቶሎ የማይቆምለት ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ላንቃው ላይ ችግር ካለበት አስቀድመሽ ተናገሪ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቀናት አፉ ይሸታል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ ይሄ ያልፋል። ቀይ ደም ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ከመጣ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ሐኪም። ለማስታገሻ አስፕሪን እንዳትሰጪው፣ ለልጅ አይሆንም። «መከላከያው ተቆርጦ ሊታመም ነው» ለሚሉሽም፣ ሥራውን የሚሸፍኑ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አሉና አትስጊ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። የጆሮው ምርመራ ውጤት የደረሰ ዕለት ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ያንቺው አልማዝ