ሳትጠይቂያት አትጻፊ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

ወንድምሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ረቂቅ በቴሌግራም ላከልኝ። ጨቅጭቄው ነው የላከው፣ እንዳትቆጪው። አንዴ ከጀመርኩት በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሥነ ዜጋ ሲያስተምር የኖረ ሰው ፍልስፍና ካገኘ አይተኛም። ኮርቼብሽ ነበር፣ አንድ ምሳሌ ላይ እስክደርስ። «በጎጃም ገጠር የምትኖር፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ እግሯ ያበጠ ሴት» ትያለሽ። ስሟን ባትጠሪም አክስትሽ እታለም ናት። ደህና ነኝ የምትለው ሌላ ኑሮ ስለማታውቅ፣ ምኞቷንም በአቅሟ ልክ ስለቆረጠች ነው ብለሽ ደመደምሽ። ጠይቀሻታል? አልጠየቅሻትም። ሳትጠይቂያት አትጻፊ።

ሐሳቡን ከራስሽ እንዳላመጣሽው አውቃለሁ። ፈላስፎቹ አማርትያ ሴንም ማርታ ኑስባምም፣ ችግር ያደቀቀው ሰው በጥቂት መርካትን ይለምዳል ብለዋል። እውነት አላቸው። ግን የማይለምድ ማን አለ? እኔስ የጡረታዋን ብር ለምጄ አይደል የምኖረው? ደህና ነኝ ስል «ለምዶት ነው» ብሎ የሚጠራጠረኝ የለም። እግሯ ያበጠች ሴት ደህና ነኝ ስትል ግን ቃሏ ምስክርነት መሆኑ ይቀራል። ለምን? ይህን ጥያቄ ረቂቅሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

የጠቀስሻቸው ሰዎች እንኳ ጠይቀዋል እኮ። ተመራማሪዎቹ አልብሬክትና ዴቭሊገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኑሯችን ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ነው አሏቸው። ሃሪየት ጆንሰንም ነበረች። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ጠበቃ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ከፈላስፋው ፒተር ሲንገር ጋር ፊት ለፊት ተከራከረች። የእሱ ሐሳብ እሷን የመሰለ ሕፃን ሲወለድ ወላጆቹ እንዲሞት መምረጥ ይችላሉ የሚል ነበር። ደሜ ይፈላል። ግን ቢያንስ መልስ እንድትሰጠው ሴትዮዋ እዚያው ነበረች። አንቺ ጽሑፍ ውስጥ እታለም አፍ የላትም።

ፈላስፋዋን ኤልዛቤት ባርንስን ደግሞ በግርጌ ማስታወሻ አለፍሻት። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው መጽሐፍ የምትለው፣ አካል ጉዳት በራሱ ሰውን ከሌላው የሚለይ ነገር እንጂ ሕይወቱን የሚያከፋ ነገር አይደለም ነው። እኔም ሙሉ ለሙሉ አልስማማላትም። የእታለም እግር ያማል። ሲነሳባት ትኩሳቱ አልጋ ላይ ይጥላታል። ደግሞ ባይመጣ ይቻል ነበር። ዝሆኔ የሚሉትን ይህን በሽታ የሚያመጣው የእኛ ቀይ አፈር ነው፤ ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠውን፣ በዘሩም የተጋለጠውን ይይዛል። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እዚሁ አገራችን ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው የአፈሩን ነገር ያጣራው። ጫማ ቢኖራት ኖሮ አይነካትም ነበር። እና ለልጆች ጫማ ይገዛ እላለሁ። ይህን ስል ግን የእሷ ኑሮ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱን አታምታቺ።

የሠርጓን ነገር ሰምተሻል፣ ሁሉን ግን አልሰማሽም። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳሱ ቆሟል። እኔ ያኔ ከብት እጠብቃለሁ። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡና «በዘራችሁ አለ አሉ» አሉ። እብጠቱ ገና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር፣ በቀሚስ ይሸፈናል። አባባ አንዲት ቃል አልወጣውም። ዳሱን ራሷ እታለም አፈረሰችው። ቅጠሉን ወደ ጓሮ ጎተተች፤ ቋሚውን ለማገዶ ፈለጠችው። እኔ ፍልጡን እያቀበልኩ አያታለሁ፣ አላለቀሰችም። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው፤ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ። ከዚያ እንዝርቷን አነሳች። ማርቆስ ስማር የቤት ኪራዬም ደብተሬም ከዚያ ፈትል ነው የወጣው። ስትመረቂ የለበስሽው ቀሚስም የእሷ ፈትል ነው።

ታዲያ ኑሮዋን ያጎደለው እብጠቱ ነው ወይስ «በዘራችሁ አለ» ያለው አፍ? ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «የኔታ» የሚለው ሰው ነው፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ነጠላውን ሰብስቦ የሚሸሸው። ይህን ለይተሽ ጻፊ። ይኸው፣ እኔም ስለ እሷ መመስከር ጀመርኩ። እሷን ጠይቂ አልኩሽ እኮ።

አሁን እግሯ ቀሏል። ማታ ማታ ሳፋ ላይ ውኃ ትቀዳለች፣ በረኪና ጠብ ታደርጋለች፣ በሳሙና ታጥባለች፣ በጣቶቿ መሐል እንኳ ሳይቀር አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች። ያኔ ወሬ ትወዳለች። ስልክ የምትደውይላት በዚያ ሰዓት ይሁን። ቅዳሜ እንዳትደውይ፣ ገበያ ናት።

ረቂቁን አንብቢላት። ፊደል አልቆጠረችም ብለሽ እንዳትንቂያት፣ በሰምና ወርቅ አንቺንም እኔንም ታስከነዳናለች። ከጠየቅሻት በኋላ የፈለግሽውን ጻፊ፣ እሷ የማትቀበለውንም ቢሆን። ግን አለመቀበሏም እዚያው ገጽ ላይ ይግባ። አታስጽፊኝ ካለችሽ አውጪው፣ ምሳሌ አይጠፋም። ሳትጠይቂያት ግን አትጻፊ፣ የኔ እናት።

ራትሽን እየዘለልሽ ነው አሉ። በሶ በመናኸሪያ ልኬልሻለሁ፣ ውሰጂ። ለእታለም ደግሞ ካልሲ ግዢላት። ጥጥ ይሁን፣ ላስቲኩ የማያጠብቅ። ጫማውን እዚህ በልኳ አሰፋለሁ።

አባትሽ