ጉዳዩ፦ ፋይበር ሲቋረጥ ከቦታው ስለማይነቃነቅ «ዳይናሚክ» ሩቲንግ የቀረበ ቅሬታ

ለኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ክፍል
አዲስ አበባ

መድኃኒት አከፋፋዮች ነን። ዋናውን ቢሯችንን ከቃሊቲ መጋዘናችን ጋር ያገናኛችሁት እናንተ ናችሁ። ውላችን ግልጽ ነው። ሁለት መስመር ይኖራል፤ አንዱ ፋይበር፣ ሌላው በጣራ አንቴና የሚሄድ ሬዲዮ። ፋይበሩ ሲቋረጥ ስዊቾቹ የሰው እጅ ሳይነካቸው ወደ ሬዲዮው ይዞራሉ። ለዚህ ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ስዊቾቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ የመረጃውን መንገድ ራሳቸው የሚመርጡበት ዳይናሚክ ሩቲንግ፣ ይዋቀራል ተባለ፤ ስዊቾቹ ሩቲንግ እንዲሠሩ የሚያስፈልገውን ላይሰንስም ለብቻው አስገዛችሁን። እሺ ብለን ከፈልን።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት 3፡20 ላይ ከቢሯችን ጀርባ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጠሰው። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ዘንድሮ ያልተቆፈረ ሰፈር የት አለ? ሁለተኛውን መስመር የገዛነውም እንዲህ ያለ ቀን ስለሚመጣ ነው።

ከቃሊቲ ተደወለ። «ሲስተም የለም» አለችኝ የመጋዘን ኃላፊያችን። መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ደረሰኝ አይወጣም። ችግር የለም፣ አሁን ወደ ሬዲዮው ይዞራል አልኳት። ጠበቅን። ኦኤስፒኤፍ በየ10 ሰከንዱ ለጎረቤቱ ሄሎ ይልካል፤ ለ40 ሰከንድ ከጎረቤቱ ሄሎ ካጣ ጎረቤቱ ሞቷል ብሎ መንገድ ይቀይራል። 40 ሰከንድ አለፈ። 40 ደቂቃም አለፈ።

ስዊቹ ውስጥ ገባሁ። የሰጣችሁን ፓስወርድ ማየት እንጂ መንካት አይፈቅድም፤ ቢሆንም ያየሁት በቂ ነው። ኦኤስፒኤፍ ሥራውን ሠርቷል፤ በፋይበሩ በኩል ያለው ጎረቤት ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ በሬዲዮው በኩል ያለው ደህና ነው። የሩቲንግ ሰንጠረዡ ላይ ግን ከቃሊቲ ኔትወርክ ፊት ለፊት ‹ኦ› መሆን የነበረበት ፊደል ‹ኤስ› ነው። ስታቲክ፣ ማለትም በእጅ የተጻፈ ቋሚ መንገድ! ባለሙያችሁ በሁለቱም ስዊቾች ላይ «ቃሊቲ በፋይበሩ ነው፣ ቢሮ በፋይበሩ ነው» ብሎ በእጁ ጽፎ ሄዷል። በእነዚህ ስዊቾች የስታቲክ ደረጃ 1፣ የኦኤስፒኤፍ ደግሞ 110 ነው። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ስለዚህ ኦኤስፒኤፍ እዚያ ተቀምጦ ሲያይ ይውላል እንጂ የሚሰማው የለም።

ታዲያ ስንረከብ እንዴት ሠራ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያናደደኝ ይሄ ነው። በርክክቡ ቀን ባለሙያችሁ ኬብሉን ከሁለቱም ስዊቾች አስነቀለ። ፖርቱ ሲሞት በእሱ ላይ የቆመው ስታቲክ አብሮ ይወጣል፤ ኦኤስፒኤፍም ቦታውን ይይዛል። አጨበጨብን፣ ፈረምን። እውነተኛው አደጋ ግን እንዲህ አይመጣም። በስዊቹና በፋይበሩ መካከል ሚዲያ ኮንቨርተር አለ፤ የፋይበሩን ብርሃን ለስዊቹ ኬብል የሚቀይር ሣጥን ነው። ፋይበሩ መንገድ ላይ ሲበጠስ በእኛ ኮንቨርተርና በስዊቹ መካከል ያለው አጭር ኬብል ምንም አይሆንም። ማክሰኞ ዕለት ፊቱ ቆሜ አየሁት፤ የፋይበሩ መብራት ጠፍቷል፣ ወደ ስዊቹ የሚሄደው አረንጓዴው ግን ይበራል። ስዊቹ ፖርቱ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ስታቲኩም ንቅንቅ አይልም። ሰንጠረዡን ሳላይ መፈረሜ የእኔ ስህተት ነው። ፈተናውን የመረጣችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

ከእናንተ ስልክ የተነሳልን 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። መፍትሔውም «ኬብሉን ንቀሉት» የሚል ነበር። እኔ እዚህ ነቀልኩ፤ የመጋዘን ኃላፊዋ እዚያ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ «ቢጫው ነው ሰማያዊው?» እያለች ነቀለች። ሲስተሙ መጣ። ዳይናሚኩ እኛ ሁለታችን ነን ማለት ነው።

ሐሙስ ባለሙያ መጣ። ስታቲኮቹን ከሁለቱም ስዊቾች አጠፋ፣ ፊደሉ ‹ኦ› ሆነ፣ የጉብኝት ሂሳብ ተቀበለና ሄደ። የራሳችሁን ስህተት ለማረም እኛ መክፈላችን ገርሞኝ ነበር፤ ከሠራ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።

አልሠራም። ባለፈው እሑድ ቃሊቲ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ጨረሰና ስዊቹ ጠፍቶ ተነሳ። ሰኞ ያው ፋይበር እንደገና ተበጠሰ። አሁን የተፈጠረው ከመጀመሪያው የባሰ ግራ የሚያጋባ ነው። ከቢሮ የሚወጣው በሬዲዮው ቃሊቲ ይደርሳል፤ ከቃሊቲ የሚመለሰው መልስ ግን ወደ ተበጠሰው ፋይበር ይገባና እዚያው ይቀራል። ይህን እስክደርስበት ግማሽ ቀን አለፈ። ወደ ቃሊቲ ሄጄ ሰንጠረዡን ስከፍት ያ ‹ኤስ› ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ባለሙያው ያስተካከለውን ሴቭ ሳያደርግ ነው የሄደው፤ ስዊቹ ሲነሳ የድሮውን አነበበ። የቢሮው ስዊች ወደ ድሮው ያልተመለሰው ጀነሬተር ስላለን ብቻ ይመስለኛል። ሴቭ ማድረግ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ጀማሪ የሚማረው ነገር ነው።

በዚያው ላይ፣ ላፕቶፔን ከሠራተኞች ኔትወርክ ላይ ሰክቼ በኔትወርኩ የሚያልፈውን በሚያሳየው ፕሮግራም በዋየርሻርክ ብመለከት፣ የኦኤስፒኤፍ ሄሎ በየ10 ሰከንዱ ወደ ዴስካችን ሁሉ ይለቀቃል። ፓስወርድም የለበትም። ማንም ሰው አንድ ሩተር ሰክቶ ጎረቤት ነኝ ቢል የሚከለክለው የለም። ወደ ሠራተኞች የሚሄዱትን ፖርቶች ፓሲቭ ማድረግ (ሄሎ እንዳይልኩ)፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ ደግሞ ፓስወርድ ማስገባት የዝርጋታው አካል መሆን ነበረበት።

ስለዚህ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ከፍ ያለ ልምድ ያለው ባለሙያ ላኩልን፤ ያለ ክፍያ። ስታቲኮቹ ይውጡ። እንደ መጨረሻ መጠባበቂያ ይኑሩ ካላችሁም ደረጃቸው ከ110 በላይ ይደረግ። ሁለቱም ስዊቾች ሴቭ ይደረጉና በፊታችን ጠፍተው ይነሱ። ከዚያ ፈተናው ይደገም፣ በዚህ ጊዜ ግን ከስዊቹ ኬብል አይነቀልም፤ ፋይበሩ ከኮንቨርተሩ ወዲያ ይነቀላል፣ እኔም ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። የሙሉ ኮንፊገሬሽኑ ቅጂና የአስተዳዳሪ ፓስወርዱ ለእኛ ይሰጠን፤ ስዊቾቹ የተገዙት በእኛ ገንዘብ ነው። የሐሙሱ የጉብኝት ሂሳብም ይመለስልን። እስከዚያ የጥገና ውሉን የቀጣይ ሩብ ዓመት ክፍያ ይዘናል።

ከሠላምታ ጋር
የአይቲ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጅ ቢሮ
ለፋይናንስ ክፍል
ለቃሊቲ መጋዘን (ቢጫው ነው)